አንዱ ምት የእኔ ነው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ተጠራሁ! ተጠራሁ! ስልኩ ሲጮኽ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። "ወይዘሪት ዳሲቱ ዱሬሳ?" ሲለኝ የአባባን ሸሚዝ ከሦስተኛ ፎቅ ለቀቅኩት። ታች ዙለይኻ ሱቅ ጣሪያ ላይ አረፈ። ዙለይኻ ወጥታ አንጋጠጠችና "ምን ሆንሽ አንቺ? ሰው ሞተ?" ብላ ጮኸች። "ሥራ!" አልኳት። "ሥራ አገኘሁ!" ገላን ኮንዶሚኒየም ያልሰማ የለም።

ሥራ አላገኘሁም በእርግጥ። ያገኘሁት ስልጠና ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ አዲስ የተሠራው የጎልፍ ሜዳ አሥራ አራት ካዲ ያሰለጥናል። ካዲ ማለት የተጫዋቹን ቦርሳ ተሸክሞ አብሮ የሚሄድ፣ ኳስ የሚፈልግ፣ ምት የሚመዘግብ፣ ሲጠየቅ የሚመክር ሰው ነው። ሕዳር 28 ፈተና አለ። ከአሥራ አራታችን የሚቀጠሩት ስድስት ብቻ ናቸው። የትራንዚት ቢሯችን ከተዘጋ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ የምሄድበት አልነበረኝም።

ለአባባ ሆቴል ነው አልኳቸው። የእንግዳ አቀባበል ስልጠና። ለምን እንደዋሸሁ ነገ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬን አላበላሽም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እሺ፣ ስለ ውሸቱ።

ሜዳው ያረፈው ድሮ መንደራችን ላይ ነው። ሰባተኛው ጉድጓድ ያለበት የአባባ የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ለልማት ተብሎ የተወሰደ ጊዜ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እማዬም በሕይወት ነበረች። አባባ ያን ቀን "ከእንግዲህ ያንን ቦታ ዓይኔ አያየውም" አሉ፣ አላዩትምም። ታክሲው በዚያ ሲያልፍ እንኳ ፊታቸውን ወደ ሌላኛው መስኮት ያዞራሉ። አሁን ልጃቸው እዚያው ማሳ ላይ የሰው ቦርሳ ልትሸከም ነው። በምን አፌ ልንገራቸው?

ወስኛለሁ። ካለፍኩ እነግራቸዋለሁ። ካላለፍኩ ሳይሰሙ ይቀራል፣ ማንም አይጎዳም።

እኔ ስለ ማሳው ምንም አይሰማኝም። ያለፈ ነገር ነው። ሣሩ በጣም ያምራል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አሰልጣኛችን ጋሽ ቡልቻ ናቸው። ስድሳን ነክተዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከተማ ውስጥ ባለው የድሮ ሜዳ ቦርሳ ተሸክመዋል። ቀጭን ናቸው፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው አይወርድም፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስድሳ ሁለት ቃል የተጻፈበት ወረቀት አደሉን። ሌላው ሁሉ ፊቱን አጨፈገገ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ! ስምንት ዓመት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ የኖርኩ ሰው፣ ወረቀት ያስፈራኛል?

ፌርዌይ የሚኬድበት አጭር ሣር ነው። ራፍ ከዳርና ከዳር ያለው ረጅሙ ሣር፤ ኳሷ እዚያ ከገባች ወየውልሽ። ባንከር አሸዋ ነው። ግሪን ጉድጓዱ ያለበት፣ ምንጣፍ የመሰለው ቦታ። ታክሲ ውስጥ ሳነበንብ "ወራጅ" ማለት ረስቼ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው የቱሉ ዲምቱዋ ዮዲ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ "በናትሽ እማ፣ ይሄን ሁሉ ሸምድደሽ ልትፈጂን ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ልፈጃችሁ ነው።

ጋሽ ቡልቻ መጨረሻ ላይ "ቃሉን ማወቅ ሌላ፣ እጃችሁ ማወቁ ሌላ" አሉ። ለሰነፎቹ ነው ያሉት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሚስጥሬን የምታውቀው ዙለይኻ ብቻ ናት። ባሏ ሙህዲን መርካቶ ስለሚውል ሱቁ የእሷ ነው። ስኳር እየመዘነች ወረቀቴን ይዛ ትጠይቀኛለች፦

"ፓር ምንድነው?"

"አንድ ጎበዝ ተጫዋች ኳሷን ጉድጓዱ ውስጥ ለመክተት የሚበቃው የምት ብዛት።"

"ወላሂ አልገባኝም።"

አሰብኩ አሰብኩና መጣልኝ! "እሺ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ እዚህ ሰው በስንት ታክሲ መድረስ አለበት?"

"በሁለት።"

"እሱ ፓር ነው። ዕድል ቀንቶሽ በአንድ ከመጣሽ፣ በርዲ። መንገድ ተዘግቶ ሦስት ከያዝሽ፣ ቦጊ። አራት ከያዝሽ ደብል ቦጊ!"

"እኔማ ዕድሜ ልኬን ቦጊ ነኝ በያ!" ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ስኳር የምትገዛው ሴትዮም አብራ ሳቀች፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት።

አባባ እንደ ልማዳቸው ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ነበሩ፣ ያቺን ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። ደግነቱ ሬዲዮ ሲይዙ ቤት ቢቃጠልም አይሰሙም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ጉድ ነው ዛሬ የተማርኩት! መጀመሪያ የሚመታው ሽማግሌው አይደለም። ባለፈው ጉድጓድ ያሸነፈው ነው። ስሙም "ክብር" ነው፤ ክብሩ የአሸናፊው ነው። ጋሽ ቡልቻ ሲያስረዱ ሁላችንም ተያየን። አንዱ ሠልጣኝ "ጋሼ፣ ሽማግሌ ቆሞ እያለ ልጅ ይቀድማል?" ብሎ ጠየቀ። "ሜዳ ላይ ይቀድማል" አሉ። "ክለብ ቤት ስትገቡ ወንበር ትለቃላችሁ።"

ሌላው ደግሞ ትንሽ የመታ ነው የሚያሸንፈው። እኔ በሕይወቴ ትንሽ ይዞ ያሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህ ጨዋታ በጣም እየጣመኝ መጥቷል፣ ምን ላድርግ።

አባባ ማታ ላይ "ሆቴሉ ከነፋስ ይከልላል?" አሉኝ። ፊትሽ ጠቆረ አሉ። አዳራሹ በረንዳ አለው አልኩ። ውሸት ውሸትን ይወልዳል ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገባኝ። ኤጭ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ እየተገፋሁ ነው የምጽፈው።

ፎር! ኳስ ወደ ሰው ስትሄድ የሚጮኸው ቃል። ዛሬ አንድ በአንድ ጮኽን። እኔ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ቡልቻ ያቺን ዝቅ ያለች ድምፃቸውን አውጥተው፦ "ኳሷ የሰው ግንባር ልትመታ ነው፣ አንቺ ይሉኝታ ይዞሻል።"

ከዚያ ጮኽኩ። ሜዳው ዳር የሚግጡ በጎች ሸሹ! ዮዲ "እማ ደግሞ እሳት ናት" አለች። ጉሮሮዬ አሁንም ይቃጠላል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ደስ ይላል።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

እሑድ፣ ሕዳር 1

ግሪን ማንበብ የሚባል ነገር አለ። ኳሷ ወደ ጉድጓዱ ስትንከባለል መሬቱ ወዴት እንደሚወስዳት አስቀድሞ ማወቅ። ዓይን ይሸውዳል። በተለይ ሰባተኛው ላይ ሁላችንም ተሳስተናል፤ ወደ መንገዱ የሚያዘነብል ይመስላል፣ ኳሷ ግን ሌላ ትሄዳለች። ጋሽ ቡልቻ "ዝናብ ሲጥል ውሃው ወዴት እንደሚወርድ አስቡ" አሉ።

ውሃው! ውሃው ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እንደ ዘበት፣ "አባባ፣ ድሮ ማሳው ላይ ክረምት ውሃው ወዴት ነበር የሚወርደው?" አልኳቸው። ቆሙ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆዩ። "ምን አስታወሰሽ?" "እንዲሁ።" ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፦ "ለሚያየው ሰው ወደ መንገዱ ይመስላል፤ ውሸት ነው። ውሃው ዞሮ ወደ ግራሩ ነው የሚሄደው። እናትሽ ቦዩን በዚያ በኩል ያስቆፈረችኝ ለዚህ ነበር።"

የእማዬን ነገር ለምን እንዳነሱ አላውቅም። ብዙ ጊዜ አያነሱም።

ማክሰኞ፣ ሕዳር 3

ወደ ግራሩ! ወደ ግራሩ ሄደች! ጋሽ ቡልቻ ሰባተኛው ላይ "ኳሷ ወዴት ትዞራለች?" ብለው ጠየቁን። ሌላው ሁሉ ወደ መንገዱ አለ። እኔ "ወደ ግራሩ" አልኩ። መቱ፤ ኳሷ እንደ መንገደኛ ቀስ ብላ ዞራ ገባች። አሥራ ሦስቱም ሠልጣኞች ዞረው አዩኝ። ጋሽ ቡልቻ ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው "ማን ነገረሽ?" አሉ። ገመትኩ አልኩ።

ገመትኩ! እዚህም ውሸት፣ እዚያም ውሸት።

ሐሙስ፣ ሕዳር 5

ሰባተኛው ላይ ራሴን አመመኝ። ፀሐይ ነው። ዮዲ ውሃ ሰጠችኝ። ግራሩ ሥር ድንጋይ አለ፣ ጠፍጣፋ፤ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ። ለማንኛውም ፀሐይ ነው።

ዙለይኻ ዛሬ ያለችኝ፦ "አባትሽ ምን ሆነዋል? በየሳምንቱ ባትሪ ይገዙኝ ነበር፣ ከገዙኝ ወር ሆናቸው።" እርጅና ቁጠባ ያስተምራል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሕዳር 12

ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ስላቃጠለ ሜዳው በጭስ ተሸፈነ፤ ኳስ ሲመታ እንሰማለን እንጂ የት እንደወደቀ አናይም። አሥራ አራት ሰው ራፍ ውስጥ ተንበርክኮ ስምንት ኳስ ጠፋበት። ዮዲ "ሕዳር ሲታጠን ጎልፍ የሚጫወት ሰው እሱ ራሱ መታጠን አለበት" ስትል ጋሽ ቡልቻ እንኳ ሳቁ።

የጽሑፍ ፈተናው ውጤት ግን! ስድሳ ከስድሳ ሁለት! አንደኛ! ከሁሉም አንደኛ! ለማን ልንገር? ለዙለይኻ ነገርኩ፣ ከረሜላ ሸለመችኝ። አባባ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ወደ ቤት ስንወጣ ደረጃው ላይ ያለ ምክንያት ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ማክሰኞ፣ ሕዳር 17

ተናድጃለሁ። ሁለት እንግዶች ቡና እየጠጡ አንዱ ለሌላው እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ "እነዚህ የዚሁ አካባቢ ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሸክም አይከብዳቸውም።" በአጠገባቸው ኳስ እያጠብኩ ነበር፤ አላየኝም መሰለኝ፣ ወይም አይቶኝ ግድ አልሰጠውም።

ሸክም! አንተ ሰውዬ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሣር በትነህ ታውቃለህ? ሃንዲካፕ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ፤ ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል እንዲጫወት ከቆጠራው ላይ የሚቀነስለት ምት ነው። እንዴት ያለ ደግ ደንብ እንደሆነ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ኳሷን አጥቤ አደረቅኩ።

ማለፍ አለብኝ። አለቀ።

ቅዳሜ፣ ሕዳር 21

አባባ፦ "የሆቴሉ ፈተና መቼ ነው?"

"የዛሬ ሳምንት።"

"እንግዶቹ አዛውንቶችም አሉባቸው?"

"አሉ።"

"ጉልበት የሌለውን ሰው አታስቸኩይ። የማይሮጥ ሰው ሲያስቸኩሉት ይሳሳታል።"

ለሆቴል ሠራተኛም የሚሆን ምክር ነው።

ዓርብ፣ ሕዳር 27

ነገ። ስድሳ ሁለቱንም ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አልኳቸው። የአባባን የጾም ወጥ አሳረርኩት፤ ዝም ብለው በሉ።

ቅዳሜ፣ ሕዳር 28

ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ ገና አልገባችም። በረንዳ ላይ ሆኜ ሁሉንም እጽፋለሁ፣ አንዱንም ሳልሸፍን።

ፈተናው ከእውነተኛ እንግዳ ጋር ዘጠኝ ጉድጓድ መሄድ ነው። ለእኔ የደረሱኝ ኢንጂነር ሮሪሳ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ገና ስንተዋወቅ፦ "ልጄ፣ ይህን ጨዋታ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከሃምሳ በታች ጨርሼ አላውቅም። ዛሬ ጉልበቴ ደህና ነው፣ እስኪ እንሞክር" አሉ። ወዲያው ወደድኳቸው። የእሳቸው ሃምሳ የእኔም ሃምሳ ሆነ።

እንዴት እንደሄድን! አላስቸኮልኳቸውም። ነፋሱን ነገርኳቸው፣ ባንከሩን አሳየኋቸው፣ ሲመቱ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ጥላዬን ሰበሰብኩ። ሦስተኛው ላይ በርዲ መቱና እንደ ሕፃን ዘለሉ፤ በአንድ እግር። ስድስተኛውን ስንጨርስ ካርዱን ደመርኩ፤ እንደዚሁ ከቀጠሉ አርባ ዘጠኝ ይሆናል። ነገርኳቸው። "ዝም በይ፣ ይሰማብናል" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ሰባተኛው።

ሁለተኛ ምታቸው በቀኝ በኩል ራፍ ውስጥ ገባ። እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ሣሩን በመጫወቻ ዱላቸው ይገልጣሉ። ኳሷን እኔ አየኋት፣ እግሬ ሥር። እሳቸውም አዩ፤ ወደ እኔ መጡና ግንድ እንደሚይዝ ሰው ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፣ ቀረብ ብለው ሊያዩዋት።

እኔ ቀደምኳቸው። አነሳኋት። በሹራቤ እጅጌ ጠረግኳት። በሁለት እጄ ይዤ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "እንኩ ጋሼ" አልኳቸው።

እንኩ!

ስድሳ ሁለት ቃል የሸመደድኩት እኔ! ኳስ እንዳረፈች ነው የምትመታው። ካዲው ካነሳት በተጫዋቹ ላይ አንድ ምት ይጨመራል፣ ኳሷም ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ይህን ለዮዲ ሁለት ጊዜ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ግን ሽማግሌ ሰው ሲጎነበስ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። እጄ እኔን አልጠየቀኝም። እዚያች ቦታ ላይ ደግሞ... እዚያች ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ለአባባ ማጭዳቸውን አንስቼ አቀብያቸዋለሁ። ጎንበስ ሲሉ የታዩኝ አባባ ናቸው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ኢንጂነር ሮሪሳ ኳሷን ተቀበሉኝና አመሰገኑኝ። ከዚያ ያደረግኩት ለሁለታችንም ገባን። ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ፤ ጋሽ ቡልቻ ገና አምስተኛው ጋ፣ ከዮዲ ጋር ናቸው። "ማንም አላየም" አሉኝ ቀስ ብለው። "መልሰሽ አስቀምጫት፣ እንቀጥል።"

መለስኳት። መቱ። ግሪኑ ላይ ግራሩን አሳየኋቸው፣ በሁለተኛው ምት ገባች። "አምስት" አሉ፣ ካርዱን ወደያዘው እጄ እያዩ።

እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌን "አይደለም" ብዬ አላውቅም። በቤታችንም፣ በቢሮም፣ በቤተ ክርስቲያንም ብዬ አላውቅም።

"ስድስት ነው፣ ጋሼ" አልኩ። "አንዱ ምት የእኔ ነው። ግን የሚጻፈው በእርስዎ ላይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አዩኝ። ስድስት ብዬ ጻፍኩ፣ ለቅጣቱ ምት ከጎኑ ምልክት አደረግኩ። ስምንተኛውን ዝም ብለው ተጫወቱ፣ ዘጠነኛውንም ዝም ብለው። መጨረሻ ላይ ካርዱን ተቀብለው ራሳቸው ደመሩ፣ ደግመው ደመሩ። ሃምሳ። ፈረሙ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከትከሻዬ ላይ አውርደው፣ ራሳቸው ተሸክመው፣ እያነከሱ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ለካዲ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ቀማኋቸው።

ጋሽ ቡልቻ ካርዱን ሲያዩ "ሰባተኛው ላይ ምንድነው ይህች ምልክት?" አሉ።

"ኳስ አነሳሁ።"

"አነሳሽ?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ወደቅኩ ማለት ነው። ውጤቱ ሰኞ ይነገራል፤ ምኑን ልጠብቅ።

እሑድ፣ ሕዳር 29

ካላለፍኩ አልነግራቸውም ብዬ ነበር። ግን ትናንት ለማላውቀው ሰው ፊት ለፊት እውነቱን ተናግሬ፣ ዛሬ ለወለደኝ አባቴ "ሆቴል" ልል ነው? አልሆነልኝም።

አባባ ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ሆቴል አይደለም።"

ባቄላውን መፈልፈል አላቆሙም።

"የጎልፍ ሜዳው ነው። የእኛ ማሳ ላይ ያለው።"

"ታዲያ ፈተናው እንዴት ሆነ?" አሉ።

ነገርኳቸው። ጉልበታቸው የማይታጠፈውን ሰውዬ፣ ኳሷን፣ "እንኩ" ማለቴን፣ ስድስት ብዬ መጻፌን። ሳልጨርስ አቋረጡኝ፦ "የሰባተኛው ፓር ስንት ነው?"

"አራት።"

ባቄላውን በእጃቸው ይዘው አሰቡ። "እንግዲያው ቦጊም አይደለም። ደብል ቦጊ ነዋ።"

አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ዙለይኻ እኮ ትጮኻለች" አሉ። "እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደህና ነው።"

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነብኝ። ተቀየሙኝ ወይ አልኳቸው። አንድ ባቄላ ፈልፍለው ጨረሱ። "መሬቱን አንቺ አልወሰድሽው" አሉ። "ሥራ ፈለግሽ፤ ሥራ መፈለግ ነውር አይደለም። ያስቀየመኝ ሆቴል ያልሽው ነው። ከእኔ ምን ያስደብቅሻል? ስድስት ሳምንት ሙሉ ትነግረኛለች እያልኩ ነበር።" ልክ ናቸው።

ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን አነሱ፦ "ግን ና እይ እንዳትዪኝ። ያንን ቦታ አላየውም። በዚህ አትለምኚኝ።" አለምንዎትም አልኳቸው። ባቄላውን አብረን ጨረስን።

ሰኞ፣ ሕዳር 30

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነሳ አባባ የሉም። ጎረቤት ለቅሶ አለ፣ እዚያ ሄደው ነው ብዬ ወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ቡልቻ ወረቀት ይዘው ቆሙ። አንደኛ፣ ሁለተኛ... ሦስተኛ ዮዲ! ጮኸች፣ ዘለለች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አራተኛ። አምስተኛ። መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። "ስድስተኛ፣ ዳሲቱ ዱሬሳ።"

ደግመው ይበሉልኝ አልኩ። እውነቴን ነው፣ "ጋሼ፣ እስኪ ይድገሙት" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ኢንጂነሩ ስለ አንቺ የጻፉትን ልንገርሽ?" አሉ። "'ደረቅ ናት' ብለው ነው የጻፉት። ሌላ ምንም የለም። ኳስ በማንሳትሽ ብዙ ነጥብ አጥተሻል፤ ከሌላ አንድ ሠልጣኝ ጋር ለስድስተኛነት እኩል ሆናችሁ። የእሱን ካርድ አየሁ፣ ስህተትሽን ራስሽ የጻፍሽበትን የአንቺን ካርድ አየሁ።" ኮፍያቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "እጅሽ ገና ብዙ ይቀረዋል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ እንድትገኚ።" እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ለአባባ ደወልኩ። አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። እየሮጥኩ፣ እያለቀስኩ፣ ሳቄን መያዝ እያቃተኝ ወደ በሩ ወጣሁ። ጥበቃው አስቆመኝና "እህት፣ እኚህን አባት ታውቂያቸዋለሽ? ሳይነጋ ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ" አለኝ።

ከበሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል አባባ። ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ። እያለቀስኩ ስላዩኝ ምንም ሳይጠይቁኝ ተነሱ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ወስደው ያዙልኝ።

"በቃ፣ ነይ፣ እንሂድ" አሉ።

"አልፌያለሁ አባባ! አልፌያለሁ እኮ!"

"አልፈሻል?" ፊቴን ትክ ብለው አዩት። "ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ከዘራቸውን አስተካከሉ። "ምናልባት ካላለፍሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን እንዳትመለሺ ብዬ ነው።"